ስለ ክርንሽ ጉዳይ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማየ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ክርንሽን በቀዶ ሕክምና በብረት ስለመቀየር በስልክ ሳነሣብሽ «እሺ፣ እሺ» እያልሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ በወረቀት ጻፍኩልሽ፤ ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ጎረቤታችን «ብረት ያስገቡልሻል፣ እንደ ልጅነትሽ ትሆኛለሽ» ማለታቸውን ሰማሁ። ብረቱ እውነት ነው፤ ልጅነቱን እንኳ እንጃ። ያንቺ ሕመም ሩማቶይድ የሚባለው የአንጓ በሽታ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት ተበልቶ አልቆ አጥንት ከአጥንት ሲፋጭ ነው ሌሊት የሚያስቃስትሽ። ድሮም ክርን በብዛት ይቀየር የነበረው በዚሁ በሽታ ነው። አሁን በመድኃኒት የሚገታላቸው ስለበዙ በእሱ ምክንያት የሚቀየረው ቀንሷል፤ ወድቀው ክርናቸው የደቀቀና በብሎን ሊያያዝ ያልቻለ አረጋውያንም ይሠራላቸዋል።

ሲሠራ የተጎዳው ጫፍ ይነሣና አንዱ ብረት በላይኛው አጥንት፣ ሌላው በታችኛው ውስጥ ብረቱን ከአጥንቱ ጋር በሚያጸናው የአጥንት ሲሚንቶ ይተከላል። በመካከል ፕላስቲክ አለ፤ በብዛት ሁለቱ እንደ በር ማጠፊያ ይያያዛሉ።

ትልቁ ትርፉ ሕመሙ መቀነሱ ነው። እጅም ይታጠፋል፤ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ከታጠፈ ለዕለት ሥራ ይበቃል ይላሉ። ባለፈው ጥምቀት ስታማትቢ አይቼሻለሁ፤ እጅሽ አልደርስ ስላለ ግንባርሽን ወደ ጣትሽ ታወርጃለሽ። እሱ ይስተካከልልሽ ይሆናል።

ሸክም ግን ቀረ በይ። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ በዚያ እጅ በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ፣ በተደጋጋሚ ደግሞ ከ1 ኪሎ በላይ አይነሣም ይላሉ፤ ያውም ዕድሜ ልክ። የማኅበሩን ጋን ለማንሣት ብለሽ ከሆነ ይቅርብሽ። እኔን ከጀሪካኑም በላይ የሚያሳስበኝ ስግደትሽ ነው፤ በሕማማት መዳፍሽን መሬት ተክለሽ ስትነሺ መላ ሰውነትሽ ያረፈው ክርንሽ ላይ ነው። ምርኩዝም በዚያ እጅ መደገፍ አይሆንም። ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጉዳቱንም አልደብቅሽም። ክርን ላይ ቆዳው ስስ ስለሆነ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ የሩማቶይድ መድኃኒትሽም ለዚያ ያጋልጣል። በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ከተነካ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። ከዓመታት በኋላም ብረቱ ሊላላ፣ ዳግም ሊከፈት ይችላል።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ መድኃኒቱን ሳታቆራርጪ ወስደሽም እንቅልፍ የሚነሣሽ ከሆነ ይሠራ እላለሁ። በየትም አገር ክርን እንደ ዳሌና እንደ ጉልበት በብዛት አይቀየርም፤ ስለዚህ ክርን ደጋግሞ የሠራ ሐኪም እንፈልጋለን።

የአጎቴ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ራጁንና የመድኃኒት ወረቀቶችሽን ላኪልኝ፤ ራጁ እንዳይታጠፍ በካርቶን ይያዝ። በርበሬ ግን እንዳታስይዥው፤ ማን እንደሚወቅጠው አውቃለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ