እርዳታው ከድርቁ ይቅደም

ድርቅ ሲመጣ ሁላችንም እንረባረባለን። ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንደርሰው ከብቱ ካለቀ፣ ማሳው ከደረቀ በኋላ ነው። ዛሬ ድጋፋችሁን የምንጠይቀው ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ ነው፤ የደረቅ አካባቢ ነዋሪዎችን እውቀት በድምፅ ቀድተን ለማካፈል።

ደረቅ አካባቢዎች ከምድራችን የብስ 40 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰው ይኖርባቸዋል። ጠፍ መሬት የሚመስለን ስለማናውቃቸው ነው። አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ የሚንቀሳቀሰው ዝናቡ ስለማይጨበጥ፣ የተጋጠው ሳርም እንዲያገግም ነው። ቦረናዎች ለጥጃና ለደከመ ከብት የሚሆን ግጦሽ ከልለው ያቆያሉ፤ ካሎ ይሉታል። ድርቁ ሲጠና የሚደርሰው ያ ሳር ነው።

በቡርኪና ፋሶ ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። እንደ ድንጋይ በጠጠረ መሬት ላይ፣ ገና በበጋው፣ ትናንሽ ጉድጓዶች እየቆፈሩ ፍግ ይጨምሩ ነበር። ፍጉ ምስጥ ይስባል። ምስጡ አፈሩን ይበሳዋል። ዝናቡ ሲጥል ውሃው በጎርፍ ከመሄድ ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በዚህ መንገድ ማሽላ አበቀሉ፣ ውሎ አድሮ ጫካም አለሙ። በኒጀር ደግሞ ገበሬዎች ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ዛፍ ከመንቀል ይልቅ እየገረዙ አሳደጉት። 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት እንዲህ ዛፍ ለበሰ። ችግኝ መግዛት እንኳ አላስፈለጋቸውም!

ሳዋዶጎ እ.ኤ.አ. በ2023 አርፈዋል። ደግነቱ ብዙ ሰው አስተምረዋል። ማንም ያልጠየቃቸው ሌሎች አዋቂዎች ግን እውቀታቸውን ይዘው እየሄዱ ነው። እኛን እንቅልፍ የነሳን ይህ ነው።

ስለዚህ የጋራ የድምፅ ማኅደር ጀምረናል። አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች ሥራቸውን በራሳቸው ቋንቋ ሲያስረዱ እንቀዳለን። ከዚያ ለሌላው የደረቅ አካባቢ ነዋሪ እናስተረጉማለን። ለማኅበረሰብ ሬዲዮዎችና በስልክ ለሚያዳምጡ ሁሉ በነጻ ይሰጣል። ባለቤቱ ሁሉም ነው።

የምትሰጡን ገንዘብ ለመቅረጫ፣ ለመጓጓዣና ለትርጉም ይውላል። እውቀታቸውን ለሚያካፍሉን ሰዎችም ላጠፉት ጊዜ እንከፍላለን፤ በዚህ አንደራደርም።

የተጎዳ ግጦሽ በአንድ ክረምት አያገግምም። የእኛም ሥራ የዓመታት ነው። ስለዚህ አንዴ ከሚሰጥ ብዙ ይልቅ በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ ይጠቅመናል። ገንዘብ የሌላችሁ፣ ሁለት ቋንቋ ከቻላችሁ ለትርጉም እንፈልጋችኋለን። በሰፈራችሁ መሬቱን የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ደግሞ አስተዋውቁን፤ ቀረጻውን ከእሳቸው እንጀምራለን።