ለአባባ፣ ከህንድ፣ ከቪሻካፓትናም

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ወንድሜ በስልክ "ድምፃቸው ትንሽ ሻክሯል" አለኝ። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው ብዬ ስጠይቀው ወሬ ቀየረብኝ።

እኛ ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ የፊት ጥርሷ ወልቆ እሱን እያሳየች ስትስቅ ነው የምትውለው። የአካባቢውን ቋንቋ ቴሉጉን ከእኔ በልጣ ትናገራለች፣ ምሳም አከራያችን ቤት ካልበላሁ ትላለች። ትምህርቴ እየተገባደደ ነው። ሙቀቱን ግን አይጠይቁኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቆጡ። አከራያችን በየቀኑ ሳይነጋ በጥንታዊ ቋንቋቸው በሳንስክሪት የሚዜም አንድ ዝማሬ ትከፍታለች። ሱፕራባታም ይሉታል። መጀመሪያ እንቅልፍ ሲነሳኝ እበሽቅ ነበር፣ አሁን ሳልሰማው ከቀረሁ ቅር ይለኛል። እምነቴን የቀየርኩ እንዳይመስልዎት፣ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ጆሮዬን ግን እርስዎ ነዎት የሠሩት፣ ምን ላድርግ?

ዝማሬው ቬንካቴስዋራ የሚሉትን አምላካቸውን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱበት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ነው የተደረሰው። እኛ ካለንበት ክልል ቲሩማላ የሚባል ተራራ አለ፣ እዚያ ባለው ቤተ መቅደስ ካህናቱ ገና ሳይነጋ ያደርሱታል። የመጀመሪያው ስንኝ ራማያና ከሚሉት የራማ ታሪክ፣ ከጥንታዊ ግጥማቸው የተወሰደ ነው። እዚያ አንድ ጠቢብ ራማን ሲቀሰቅሰው በእናቱ ስም ይጠራዋል፣ የካውሳልያ ልጅ ብሎ፤ ልክ እኛ "የድንግል ልጅ" እንደምንለው። ከዚያ ንጋቱ ራሱ ይገባበታል። በቀቀኖቹ የተረፈውን ሙዝና በወተት የተቀቀለ ሩዝ በልተው ይዘምራሉ፣ ንቦቹ ከአበባው ይወጣሉ፣ በየበረቱ ሴቶች እርጎ ሲንጡ ይሰማል። እርጎ ሲናጥ፣ አባባ! የእማማ ቅል ድምፅ ማኅሌት ውስጥ ገብቶ ያስቡት እስቲ።

እኔ የምሰማው ኤም ኤስ ሱቡላክሽሚ የሚባሉ ዘማሪ የዘመሩትን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሸክላ የወጣውን። ሴት ናቸው። እዚህም ቬዳ የሚሉትን ቅዱስ መጽሐፋቸውን ማዜም የወንድ ካህናት ነገር ሆኖ ነው የኖረው። እሳቸው ደግሞ የተወለዱት ለቤተ መቅደስ ከሚዘፍኑና ከሚጨፍሩ፣ ሰው ዝቅ አድርጎ ከሚያያቸው ሴቶች ወገን ነው። ይኸው ዛሬ በስንቱ ቤት አምላክን የሚቀሰቅሰው የእሳቸው ድምፅ ነው።

ይሄን ስሰማ ንድድ ይለኛል፣ አልዋሽዎትም። ማታ ማታ ወንድሜን ጾመ ድጓ ሲያስጠኑት ኩራዙን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እሱ ሲጠፋው እኔ መለስኩት፣ ዜማውንም አልሳትኩም። "አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሂጂ እሳቱን እዪ" አሉኝ። እሱ ዛሬ ሲኖትራክ ይነዳል፣ አንድ ሐረግ አያስታውስም። የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽን ሲያወድሱ ግን ሰምቼዎታለሁ፤ ዓይነ ስውር ሆነው ስንቱን ባለቅኔ አፈሩ እያሉ። እሳቸው ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ነው። ከአባታቸው፣ አባባ።

እንዳይቀየሙኝ። ኩራዝ ይዤም ቢሆን የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ነው፣ ለዚያ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን የምለምንዎት አለ። ወንድሜ ቅዳሜ ሲመጣ ስልኩን ይያዝልዎትና አራራዩን ያዚሙልኝ። ቢሻክርም፣ ቢያስልዎትም ግድ የለም፣ መሃል ላይ ቢያቋርጡም ግድ የለም። ለልጄ ማስተማር እፈልጋለሁ፣ ከቻልኩ ደግሞ የጎደለኝን እሞላበታለሁ። "በኋላ ይደርሳል" አይበሉኝ። ለምን እንደማልወደው ያውቃሉ።

ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ሐሙስ ነው፣ እንዳይቀሩ። ለምርመራው ብር ለወንድሜ ልኬያለሁ፣ ለመኪናው ጎማ እንዳያውለው ቶሎ ይቀበሉት።

ልጅዎ