የሻንጣሽ ነገር

እህት ዓለም፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። እማዬ ያረፈች ሰሞን ደጋግመሽ ደውለሽልኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ለማንም የምናገረው ቃል አልነበረኝም። ነገ እደውላለሁ ስል ሳምንት አለፈ፣ ወር ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ሐፍረት ያዘኝ። ይቅር በይኝ።

አሁን ያስጻፈኝ ሻንጣሽ ነው። ስትሄጂ «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብለሽ ያስቀመጥሽብኝ ቡናማው ሻንጣ። አልረሳሁትም፤ አልጋዬ ሥር ነበር። ስለ እርሱ ከመንገሬ በፊት ግን የቤቱን ነገር ስሚኝ።

እማዬ ከቀበሌ ቤት ወደ እኔ ስትመጣ ዕቃዋን አንድ ሳታስቀር ይዛ መጣች። ኮንዶሚኒየሜን ታውቂዋለሽ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ነው። የሁለት ቤት ዕቃ ተጨናንቆ ገባበት። ካረፈች በኋላ ደግሞ አንዱንም ለመንካት እጄ እምቢ አለኝ። ቡፌው፣ ሦስቱ መሶብ፣ ዐሥራ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ ተደራርቦ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ታጥቦ በደረቀ ፌስታል የታጨቀ ሌላ ፌስታል። ወደ በረንዳው የምወጣው በጎኔ ነበር። ሰው ይህን ሲያይ ስስት ይለዋል፤ እኔ ግን አልስማማም። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ በራሽን ስትወስድ የኖረች፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ልጆች ያሳደገች ሴት ጀሪካን አትጥልም። «ይጠቅማል» የምትለው ወድዳ አልነበረም።

ቁርጥ ውሳኔ ላይ ያደረሰኝ ያለፈው ጳጉሜ ነው። ክረምቱ ወጣ ብዬ ጋቢዎቿን ፀሐይ ላስመታ ሳጥኑን ስከፍት፣ ለክብር ቀን ብላ አንድ ጊዜ እንኳን ሳትለብሰው ያስቀመጠችውን ጋቢ ብል በልቶት ወንፊት ሆኗል። ማታ ማታ የምትደርበው አሮጌው ግን ምንም አልሆነም። ሁለቱን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ከዚያ ጀመርኩ። ሁሉን በአንድ ቀን አላልኩም፤ በየማታው አንድ መሳቢያ ብቻ፣ ሲበዛ አንድ ካርቶን። ከጀሪካኖቹ ደህና ደህናዎቹን አራት አስቀረሁ፤ የተሰነጠቁትን፣ ጣሳዎቹንና የተበሳውን ድስት ቆራሌው ወሰዳቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሰው ከሰል ማንደጃ ወይም ሌላ ነገር ይሆናሉ ስል ልቤ አረፈ፤ ይህማ መጣል አይደለምና እማዬም አትቆጣኝም። ልብሱን ለልዋጭ ላወጣ ነበር፤ በምትኩ ሳፋና ብርጭቆ ይዤ መግባቴ ነው ብዬ ተውኩት። አጥቤና አጣጥፌ ለሚለብሰው ሰጠሁ። ከመሶቦቹ አንዱን እኔ ያዝኩ፣ ሁለቱን እህቶቼ ወሰዱ። ከእንግዳ በቀር ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቀውን ባለ ወርቅ ጠርዝ ስኒዎች ከቡፌው አውጥቼ በየቀኑ ቡና እጠጣባቸዋለሁ። አንዱ ተሰብሯል፤ አላዘንኩበትም።

ተመልሶ እንዳይሞላብኝም እጠነቀቃለሁ። ሳልተኛ ጠረጴዛው ላይ የዋለውን ሁሉ ወደየቦታው እመልሳለሁ፤ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ጠዋት ስነሣ ባዶውን ጠረጴዛ ሳየው ምን ያህል እንደሚያሳርፈኝ ብነግርሽ አታምኚኝም።

ሻንጣሽን የከፈትኩት መጨረሻ ላይ ነው። ሳላስፈቅድሽ መክፈቴ ከንክኖኛል። ዚፑ ዝጎ በዘይት ነው የተላቀቀው። አልጋዬ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቆም እርጥበቱ ገብቶበታል። ያ አንድ ቀን ያልተጫማሽው ጥቁር ጫማ ትዝ ይልሻል? ገና ሳነሣው ሶሉ እጄ ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረሰ። የሠፈራችንን ጫማ ሰፊ ብጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ሶል ሳይለበስ ለዓመታት ሲቀመጥ እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይጨርሰዋል አለኝ። ጫማውን ጣልኩት። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጩ የሐበሻ ቀሚስሽ ግን በአንሶላ ጠቅልለሽው ስለነበር ተርፏል። በእጄ አጥቤ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት።

የዩኒቨርሲቲ ደብተሮችሽ ዳር ዳራቸው ሻግቷል፤ መሐሉ ይነበባል። በእነርሱ ላይ ግን እኔ አልወስንም። የአንቺ እጅ ጽሕፈት ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ በትምህርት ሰዓት የተጻጻፍነው ሁሉ አለ።

በሚመጣው ወር የጎረቤቴ ልጅ ወደ ዋሽንግተን ትመጣለች። ሦስት ኪሎ ይዤልሽ እሄዳለሁ ብላኛለች። ቀሚሱንና ትንሽ በርበሬ እልክልሻለሁ፤ እንዳይሸተው ለየብቻ እጠቀልለዋለሁ። ከደብተሮቹ የሚበቃው አንድ ወይም ሁለት ነውና የትኛውን እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ። ወይም ደውዪልኝ፤ አሁን አነሣለሁ።

የዘወትር ናፋቂሽ