ፊደል ያልጻፈውን ተራኪው ይሞላዋል

ሐዋሳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ዓይኔ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ነው የሚውለው፤ መጽሐፍ በጆሮዬ ልጀምር ብዬ አስቤያለሁ፤ ከየትኛው ልነሣ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ መጻፉን መረጥሁ።

ከርዕሱ በፊት ተራኪውን ምረጪ። ይህን የምልሽ ድምፁ የሚያምር ሰው ፈልጊ ለማለት አይደለም። ምክንያቱ ከፊደላችን ይነሣል። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ነው፣ ሲጠብቅ ስፋት ያለው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋነኛው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ደግሞ መኖሩን ይነግርሻል። «ገና»ም እንዲሁ፤ ላልቶ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ በዓሉ። በዓይንሽ ስታነቢ አእምሮሽ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ አይቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተካክለዋል፤ አንቺም ልብ አትይውም። ተራኪው ግን አንዴ ከአፉ ካወጣው አለቀ፤ የተሳሳተውን አንቺ ነሽ እየሰማሽ የምታርሚው። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ እንዲህ ካረምሽ ታሪኩ ከእጅሽ ያመልጣል፣ ለምን እንደሰለቸሽም አታውቂውም። ጥሩ ተራኪ ዓይኑ ከአፉ አንድ መስመር ቀድሞ ይሄዳል። ሳይረዳው የሚያነብ ሰው ምንም ያህል የጎረነነ፣ የሚያምር ድምፅ ቢኖረው መጽሐፉን ያበላሸዋል።

አሁን አሁን በኮምፒውተር ድምፅ የተነበቡ የአማርኛ መጻሕፍትም በዝተዋል። ጉድለታቸው ያው ነው፦ ፊደሉ ላይ ያልተጻፈውን ከዐውዱ መገመት አለባቸው፣ ግምታቸው ሲስት ደግሞ ያለ አንዳች መወላወል ነው የሚስተው። ለዜናና ለአጭር ጽሑፍ ይሁን። ለልቦለድ ግን አልመክርሽም።

አዲስ ትረካ ስታገኚ ሙሉውን ከማውረድሽ በፊት አምስት ደቂቃ ከመግቢያው፣ ሁለት ደቂቃ ከመሐሉ፣ ሁለት ደቂቃ ከመጨረሻው አካባቢ ስሚ። መግቢያውን ሁሉም ሰው አሳምሮ ያነበዋል፤ ድካሙ የሚታወቀው ከመሐል ነው። እዚያ ላይ ትንፋሹ የት እንደሚቆም አዳምጪ። ሐረጉ ሲያልቅ ከሆነ ደግ ነው፤ መስመሩ ሲያልቅ ከሆነ እያነበበልሽ እንጂ እየተረከልሽ አይደለም። ንግግር ሲመጣ ማን እንደተናገረ «አለ፣ አለች» ሳይባል ካወቅሽ ተራኪው ሥራውን ያውቃል። ድምፁ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተጋባ ከሆነ ወይም «ፐ» እና «በ» ሲመጡ ማይኩ ላይ ቡፍ ቡፍ የሚል ከሆነ ግማሽ ሰዓት ትታገሺዋለሽ፣ አሥር ሰዓት ግን አትችይውም።

ከሥር የሚለቀቅ ሙዚቃ ደግሞ የኛ ትረካዎች ትልቁ በሽታ ነው። ዋሽንት ለምዕራፍ መግቢያ ሃያ ሰከንድ ቢሰማ ያምራል። ምዕራፉን ሙሉ ከቃሉ ሥር ከተለቀቀ ግን ቀጫጭኖቹን ድምፆች፣ እነ «ስ»ን፣ እነ «ፍ»ን ይውጣቸዋል፤ ጆሮሽ ሁለት ሥራ ይይዝና ቶሎ ይደክማል። እንዲህ ያለውን ታሪኩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን እለፊው።

መነሻሽ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሁን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ተተርኳል፤ ለእኔ እስካሁን የአማርኛ ትረካ መለኪያው እሱ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፣ ገጸ ባሕርያቱን ለያይቶ ያቆማቸዋል፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር ሌላ ሰው አይመስልሽም። መጀመሪያው ዝግ ይላል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ከመወለዱ በፊት የወላጆቹን የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ ትሰሚያለሽ፣ የሚወዳት ሰብለ ወንጌል እስክትመጣ ብዙ ይቀርሻል። ይህን አትዝለይ፤ የኋላው ኀዘን የሚከብደው በዚያ ነው። በእጅ የሚዞሩት ቅጂዎች ግን ከቴፕ ወደ ቴፕ የተገለበጡ ስለሆኑ የሚንሿሿ፣ ክፍሉ የተዘለለ ወይም ቅደም ተከተሉ የተዛባ ያጋጥምሻል። ስለዚህ የታተመውን መጽሐፍ ከጎንሽ አድርገሽ፣ ክፍሉ ሲጀምር የት እንዳለሽ ብቻ አመሳክሪ። ገጹን በዓይንሽ እየተከተልሽ ግን አትስሚ፤ ዓይንሽ ከተራኪው ይቀድምና ድምፁን አትሰሚውም። በቀን አንድ ክፍል ይበቃል። በሬዲዮ የተሠራው እንዲያ ተቆራርጦ እንዲሰማ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ አምስቱን ካጋበስሽው ሰዎቹ ይደባለቁብሻል።

ለእንግሊዝኛሽ የመርማሪውን የሼርሎክ ሆልምስን አጫጭር ታሪኮች ውሰጂ። 56 አጫጭርና 4 ረዣዥም ናቸው፤ በ1892 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከመጀመሪያው የ12 ታሪኮች ስብስብ ብትነሺ ደስ ይለኛል። አንዱ ታሪክ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ግማሹ ላይ ተኝተሽ ነገ ከየት እንደነበር አትፈልጊም። ደግሞም መጨረሻው ላይ ነገሩ ሁሉ እንደገና ስለሚተነተን፣ መሐል ላይ ያመለጠሽን ቃል እዚያ ታገኚዋለሽ። ለቋንቋ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲክንስ ላይ በኋላ ትደርሻለሽ። የእሱ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ከ1849 እስከ 1850 እ.ኤ.አ. በየወሩ በትንንሽ ክፍል የታተመ ስለሆነ ለጆሮ የሚመች ነው፤ ርዝመቱ ግን ከ30 ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ ፈተና ሲቃረብ አትጀምሪው።

እነዚህን ከሊብሪቮክስ ድረ ገጽ በነጻ ታገኛቸዋለሽ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የባለቤትነት መብታቸው ያለፈባቸውን መጻሕፍት የሚያነቡበት ነው። እዚያ የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ፦ አንዳንዱ መጽሐፍ በአንድ ሰው የተነበበ ነው፣ አንዳንዱ በየምዕራፉ ሌላ ሰው። ሁለተኛው ዓይነት ላይ የድምፁ ከፍታና የአነጋገር ቅላጼው በየምዕራፉ ይለዋወጣል፣ አንዱ በሹክሹክታ ሌላው በጩኸት። ከማውረድሽ በፊት የአንባቢውን ስም ዝርዝር ተመልከቺ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ከሆነ ውሰጂ።

ታሪክ በጆሮ ያስቸግራል። ስምና ዘመን ላይ ስለሚቆም፣ ዓይን ተመልሶ የሚያየውን ጆሮ አያገኘውም። በተለይ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ከሆነ በዘመን አቆጣጠር ትወናበጃለሽ። የዓድዋ ድል በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በእነሱ 1896። ወረቀት ላይ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ምልክት ትለየዋለች፤ ተራኪው ሲቸኩል እሷን ይዘላታል፣ አንቺም የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይዘሽ ትሄጃለሽ። ስለዚህ ታሪክ ስትሰሚ አንድ ወረቀት ይዘሽ ሦስት ነገር ብቻ ጻፊ፤ ስም፣ ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት። ከዚህ በላይ ከጻፍሽ ማዳመጡ ቀርቶ የክፍል ማስታወሻ ይሆንብሻል። ግለ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ ራሱ ካነበበው፣ ድምፁ ያልሠለጠነ ቢሆንም፣ ከማንኛውም ተዋናይ እሱን አስበልጬ እሰማለሁ፤ የት ላይ እንደሚከብደው ታውቂያለሽና።

ግጥም የተራኪውን ልክ በአንድ ደቂቃ ያሳይሻል። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት መስመሩ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ድምፅ) ሆኖ ከመሐል ይሰበራል፣ ሰንጎ መገን የሚባለው አምስት አምስት። የወል ቤት አንባቢ ስድስተኛው ቀለም ላይ ትንሽ ካላረፈ ቤቱ ይፈርሳል። ሰምና ወርቅ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፦ ቃሉ ጠብቆም ላልቶም እንዲነበብ የተገጠመ ሲሆን አንባቢው አንዱን መምረጥ ግድ ስለሚሆንበት ሌላውን ይገድለዋል። የዚህ ዓይነቱን ቅኔ መጀመሪያ በዓይንሽ አንብቢ፣ ከዚያ ስሚ። የማጫወቻውንም ፍጥነት ከ1፣ ማለትም ከመደበኛው፣ አታሳልፊ።

ስለ ፍጥነት ካነሣሁ አይቀር፤ አማርኛን በ1.5 የሚሰሙ ልጆች አሉ። የሚጠብቀው ድምፅ ከሚላላው የሚለየው በርዝመቱ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ልዩነቱ እያጠረ ይሄድና ለጆሮ ይደበዝዛል። ጥርት ብሎ ለተነበበ ዝርው ጽሑፍ 1.25 ድረስ ይቻላል። የ«ሕይወትሽን ቀይሪ» ዓይነቶቹን መጻሕፍት ግን እንደፈለግሽ አፍጥኛቸው፤ አብዛኛው ቁም ነገራቸው ከመጀመሪያው ሲሶ አያልፍም፣ የቀረው ምሳሌ ነው። እንግሊዝኛው ሲከብድሽ ደግሞ እያቆምሽ ከመመለስ ወደ 0.85 ዝቅ አድርጊው።

ለትንሹ ወንድምሽ ተረት የምትልኪለት ከሆነ ከአሥር ደቂቃ የማይበልጠውን ምረጪ፤ «ተረት ተረት» ብሎ ዝም የሚል ተራኪ ፈልጊለት። «የላም በረት» ብሎ ልጁ እንዲመልስ ቦታ ካልተተወለት ተረት አይደለም፣ ወሬ ነው።

ወደ ስልክሽ እንምጣ። የሰው ድምፅ እንደ ሙዚቃ ብዙ ቦታ አይፈልግም። በሰከንድ 64 ኪሎቢት ላይ የተቀዳ አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ነው፣ 128 ላይ 58። አሥር ሰዓት የሚፈጅ መጽሐፍ በመጀመሪያው 290፣ በሁለተኛው 580 ይሆንብሻል ማለት ነው። ምርጫ ካለሽ 64ቱን ውሰጂ፤ ለትረካ በጆሮ ብዙ ልዩነት የለውም። በዳታ እየሳብሽ ከመስማት የግቢው ዋይፋይ ላይ አውርደሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጪው። ፋይሎቹን 01፣ 02፣ 03 ብለሽ ሰይሚ። 1፣ 2 ብቻ ካልሽ አንዳንዱ ማጫወቻ ከ1 ቀጥሎ 10ን ያመጣብሽና ታሪኩ ይዘላል። ስታቆሚም ደቂቃውን ጻፊ። ለመኝታ ከሆነ ማጥፊያ ሰዓቱን 20 ደቂቃ ላይ አድርጊ፤ በማግሥቱ ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ጀምሪ።

ከአዳማ ስትመጪ መንገዱ ከአራት ሰዓት በላይ ነው፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የሾፌሩ ሙዚቃ ከፍ ብሎ። እዚያ ላይ ግጥምና ታሪክ አይሰማም፣ በአንድ ሰው የተተረከ ቀጥተኛ ልቦለድ ነው የሚሻለው። የሚያሰጋኝ ግን ጫጫታውን ለመብለጥ ድምፁን መጨመርሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፤ 90 ላይ ሲደርስ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፣ አንዱ መንገድሽ ብቻ ይጨርሰዋል። ጆሮ ውስጥ ገጥሞ የሚይዘውን ባለ ጎማውን ማዳመጫ ግዢ፤ ውጭውን ስለሚዘጋልሽ ድምፁን ዝቅ አድርገሽ ትሰሚያለሽ። ባጃጅ በሚመላለስበት መንገድ ስትሄጂ ግን አንዱን ጆሮሽን ነጻ አድርጊ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ ከነጭራሹ አትጀምሪ፣ ካባራ በኋላ።

የመጨረሻ ነገር። በቴሌግራም የሚዞረው ትረካ ብዙው ደራሲው ሳይፈቅድ የተቀዳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የሚሸጥ ቅጂ ካለ ግዢው፤ ገንዘብ ካነሰሽ ንገሪኝ፣ እኔ እልካለሁ። ጊዜውን ሰጥቶ አጥብቆና አላልቶ በትክክል የሚያነብ ተራኪ ገንዘቡን ካላገኘ በሚቀጥለው መጽሐፍ ላይ አናገኘውም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ስትጨርሺ ጻፊልኝ፣ ከውድነሽና ከቦጋለ ማንኛቸው እንዳሳዘኑሽ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለገና ስትመጪ ሚሞሪ ካርዱን አትርሺ፤ የቀረውን እዚህ እንጭንልሻለን።

እናትሽ