ሉቃስ የሣላት

የኔ ሆድ፣ እንደምን አለሽልኝ?

አባትሽ ሲያርፉ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አነሳሁ፣ የምለው ጠፋኝ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀኑ እየራቀ ኀፍረቱ እየባሰ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላን። ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን ይማር። ስንገናኝ እናለቅሳለን፤ በደብዳቤ አልችልም።

አሁን የጻፍኩልሽ ጨንቆኝ ነው። እማዬ እኔ ጋ፣ ጣልያን፣ ቦሎኛ ልትመጣ ነው።

ደስታውማ ደስታ ነው። ግን የጉልበቷን ሕመም ታውቂዋለሽ። እኔ ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎ ስለ ሳን ሉካ ነገርኳት። ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ ያለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የሚሏት ሥዕል ውስጧ አለች። "ሉቃስ የሣላት?" አለች እማዬ፣ በቃ። በእግሬ ወጥቼ ካልተሳለምኩ ብላ ድርቅ አለች።

መንገዱ ከሳራጎዛ በር ይነሳል። 3.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከታች እስከ ላይ ጣሪያ አለው። መጀመሪያው ሜዳ ነው። ሜሎንቼሎ የሚሉት ቅስት ጋ ስትደርሺ ግን ዳገትና ደረጃ ይጀምራል። የቅስቶቹን ቁጥር አልነገርኳትም። 666 ናቸው! ራእየ ዮሐንስን በቃሏ ለምታውቅ ሴት እንዴት ይነገራል? አንቺም አደራ።

መሀል ከተማውን ብቻ ብትዞርልኝ ምን አለበት? እዚህ መንገዱ ሁሉ በበረንዳ ሥር ነው፤ ፖርቲኮ ይሉታል። በ1288 ቤት የሚሠራ ሁሉ በረንዳ አብሮ እንዲሠራ፣ ከፍታውም ፈረሰኛ እንዲያሳልፍ በሕግ ታዘዘ። በረንዳው የባለቤቱ ነው፤ መተላለፊያው ግን የሁሉም። ስትራዳ ማጆሬ ላይ እስከ ዛሬ በረጃጅም የእንጨት ምሰሶ የቆመ ቤት አለ። ሥሩ በቆምኩ ቁጥር ፒያሳ ዝናብ ሲይዘን የሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለን የሳቅነው ትዝ ይለኛል። አሁንም ጃንጥላሽን ታክሲ ውስጥ ትረሺያለሽ አይደል? ለአንቺ የተሠራ ከተማ ነው።

እና ልመናዬ ይኸውልሽ። ሥዕሏ በየዓመቱ በነሱ ዕርገት ሰሞን ከኮረብታው ወርዳ መሀል ከተማ ሳን ፒየትሮ ካቴድራል ትሰነብታለች። በ1433 ዝናብ አላባራ ሲል እህሉ እንዳይጠፋ ቢያወርዷት አባራ ይላሉ። ዘንድሮ እማዬ ግንቦት ልደታን ከጎረቤቶቿ ጋር አክብራ በማግስቱ ብትሳፈር ትደርስባታለች። ይህን ስነግራት "እሷ ወደ እኔ ከምትወርድ እኔ ወደ እሷ ልውጣ" አለችኝ። ምን ልበላት? ያንቺን ግን ትሰማለች። ድሮም ካንቺ አፍ ሲወጣ ነው የሚጥማት።

ሌላም ነገር አለ... እንዴት እንደምልሽ እንጃ። ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር እኔም እስከ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሜሎንቼሎ እደርስና እመለሳለሁ። አብረን እንወጣዋለን ተባብለን የለ? ብቻዬን ብወጣው ካንቺ ጋር የቆረጥኩ እየመሰለኝ ነው።

ለእማዬ እኔ እንደጻፍኩልሽ አትንገሪያት። ስልክሽ ያው ነው? የቪዛውን ጣጣ አውቀዋለሁ፣ ግን... ይዘሻት ብትመጪስ?