«ሕይወት አልባ ውኃ» የሚለው ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ዐምዳችሁ ስለ ውቅያኖሶች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአብዛኛው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ኦክስጅን ያነሰባቸውን የባሕር ክፍሎች ደጋግሞ «ሕይወት አልባ ውኃ» ማለቱ፣ በድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት ሥነ ሕይወት ላስተማረ ሰው በዝምታ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም።

በዓረብ ባሕር፣ ከገጹ በታች ከ150 እስከ 1,000 ሜትር ገደማ ባለው ጥልቀት ኦክስጅን እጅግ ስለሚመናመን አብዛኛው ዓሣ ይሸሸዋል። ባክቴሪያና አርኬያ የሚባሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ግን በዚያው ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል ቫይታሚን ቢ12ን የሚሠሩ አሉ። እንግሊዛዊቷ የኬሚስትሪ ሊቅ ዶሮቲ ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1956 አወቃቀሩን የገለጠችው፣ በእምብርቱ የኮባልት አቶም የያዘው ይህ ቫይታሚን በተክልም በእንስሳም አይሠራም። ተሕዋስያኑ የሚሠሩበት መንገድ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ኮባልቱን ገና ከጅምሩ አስገብቶ ያለ ኦክስጅን ይፈጽመዋል።

ነገሩ ሩቅ የመሰለው አንባቢ በከፊራ ገበያ የሚሸጠውን የግመል ወተት ያስብ። በወተቱ ያለውን ቢ12 ግመሏ አልሠራችውም፤ ኦክስጅን እምብዛም በሌለበት ጨጓራዋ የሚኖሩት ተሕዋስያን፣ ከመኖው ባገኙት ኮባልት የሠሩላት ነው። ጾመኛ ተማሪዎቼ በፋርማሲ የሚሸጠው ቢ12 ከሥጋ የወጣ እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር፤ እርሱም በፋብሪካ በባክቴሪያ የሚመረት መሆኑን ስነግራቸው ብዙዎቹ ይገረሙ ነበር።

በባሕርም ቢሆን ተመጋቢው ብዙ ነው። ከተመረመሩት የአልጌ (በውኃ ውስጥ በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ተክል መሰል ፍጥረታት) ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢ12ን ከውጭ ማግኘት አለባቸው፤ የባሕር እንስሳት ምግብ ደግሞ በአመዛኙ የሚጀምረው ከአልጌ ነው። በእኛ ክረምት የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ በሶማሊያ ጠረፍ የላይኛውን ውኃ ሲገፋው፣ ከሥር ቀዝቃዛው ውኃ ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል፤ ተሕዋስያን የሠሩት ቫይታሚንም አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ይህን ስል የኦክስጅኑ መቀነስ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ከ1960 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነበሩት አምሳ ዓመታት ውቅያኖሶች ከኦክስጅናቸው ከ2 በመቶ በላይ ማጣታቸው ያሳስባል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። ሆኖም ተማሪዎች ጋዜጣችሁን ቆርጠው በደብተራቸው ስለሚለጥፉ፣ «ሕይወት አልባ» የሚለው «ኦክስጅን ያነሰው» ተብሎ በሚቀጥለው እትም እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረተኛ መምህር፣ ከድሬዳዋ