የትግል ስፖርት ወቅት ሳይጀመር

ውድ ወላጆች፣

ልጆቻችን ዝቅ ባለ የክብደት ምድብ ለመታገል ብለው ሚዛን እስኪወጡ ውሃ ሳይጠጡ መዋላቸውን፣ በላስቲክ ልብስ እየሮጡ ላብ ማውጣታቸውን ጉብዝና አንበለው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ እዚሁ አሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ የሞቱት እንዲህ ክብደት ሲቀንሱ ነው። ሳውናው (ላብ የሚያስወጣው ሙቅ ክፍል) እና የላስቲክ ልብሱ በኮሌጆች የታገደው ከዚያ በኋላ ነው። በላብ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ደም ይወፍራል፣ ልብ ይጨነቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትግል ደንብም ታጋዩ በሳምንት ከክብደቱ 1.5 በመቶ በላይ መቀነስን አይፈቅድም።

የነቢያት ጾም (እኛን የሚመለከተው ይሄ ነው) ከውድድሩ ወቅት ጋር ይገጥማል። የሚጾም ልጅ ያላችሁ ለአሠልጣኙ ቀድማችሁ ንገሩ። ካዞረው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ውድድሩ ይቅርበትና ሐኪም ይየው። ለሚቀጥለው ከፍ ባለው ምድብ ይታገል።